የዋሊ ሴን አርባ ደቂቃ

ዋሊ ሴን ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም። ሠርግ ቤት ሲገባ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ለቅሶ ቤትም እንደዚያው። ቲየስ ከተማ፣ ከድሮው የባቡር ጋራዥ ጀርባ ባለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመሐል መስመሩ ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ተቀምጦ ኖሯል። እርግጥ እሱን የሚያየው የለም። ሰዉ የሚያየው ኳሱን ነው። እሱ ደግሞ ከእንጨት ጠረጴዛው ኋላ ሆኖ፣ በአንድ እጁ ሰዓት በሌላው እርሳስ ይዞ፣ ሁሉን ያያል። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይገኝም።

የተወለደው ፋቲክ አካባቢ ካለች የሴሬሮች መንደር ነው። ልጅ ሳለ በባቡር መጥቶ አክስቱ ዘንድ ተቀመጠ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዝጋቢ ሆኖ ተቀጠረ። ስንት ጆንያ ለውዝ ገባ፣ ስንት ቅርጫት የደረቀ ዓሣ ወጣ፣ ይጽፋል። በኋላ ባቡሩ ቆመ። ሠራተኛው በየአቅጣጫው ሲበተን ዋሊ ይዞት የወጣው ያየውን የመጻፍ ልማዱን ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ ነጥብ መዝጋቢው ቀረ። ዳኛው ላንዲንግ፣ ነፍሱን ይማረውና ጉልበተኛ ሰው ነበር፣ ክንዱን ይዞ ጎተተው።

«አንተ ጆንያ ቆጣሪ! ና እስቲ ዛሬ ደግሞ ሰው ቁጠር!»

ያን ቀን እንደ ተቀመጠ ቀረ።

ለሊጉ የሚሰጠው አንድ ቅጽ ነው፤ ነጥብ፣ ጥፋት፣ የጨዋታው ርዝመት፣ ፊርማ። ለዋሊ ግን ይህ አልበቃውም። በተማሪ ደብተር ላይ የራሱን ምልክቶች ያሰፍራል። ነጥብ ማለት ኳስ ተወረወረች፤ ነጥቡ ከተከበበ ገባች። ትንሽ ሜንጦ ማለት ከቅርጫቱ ሥር የተመለሰችውን ኳስ እገሌ ዘሎ ያዘ። ሰረዝ ማለት ጎል የሆነችውን ኳስ ያቀበለ። ወንዶች አንደኛ ዲቪዚዮን በሰማያዊ ደብተር፣ ወንዶች ሁለተኛ በአረንጓዴ፣ ወጣት ወንዶች በቢጫ፣ ሴቶች በቀይ። ስድሳ አራት ደብተር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተደርድሯል። ሚስቱ ኮዱ ሣጥኑን «ጣውንቴ» ትለዋለች።

«ዛሬስ ከጣውንቴ ጋር አመሻችሁ? ቆንጆ ናት መቼም፤ አፍ የላት፣ ሩዝ አትበላ።»

ዋሊ ይስቃል።

በዚያ ሜዳ ሴቶቹ የሚጫወቱት መጀመሪያ ነው። የከሰዓት በኋላው የታኩሳን ሶላት ካለቀ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ይጀምራሉ፤ ፀሐይ ገብታ ለቲሚስ ሶላት አዛን ሲባል ሜዳው ባዶ መሆን አለበት። ከሶላት መልስ መብራት ይበራና ወንዶቹ ይገባሉ። ድሮ አንድ ጊዜ የሴቶቹ ጨዋታ ተንዛዝቶ ወንዶቹ ዘገዩ፤ ተመልካቹ ድንጋይ ወረወረ። በሚቀጥለው ሳምንት ላንዲንግ ወደ ዋሊ ጠረጴዛ ጎንበስ ብሎ፣ «ለሴቶቹ ፊሽካ ስነፋ ሰዓቱን አታቁም። ዝም ብሎ ይሂድ። ለዘንድሮ ብቻ ነው» አለው። ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። ልጆቹ የታኩሳን ሰዓት ይሉታል። ኳስ ከመስመር ቢወጣ፣ ተጫዋች ቢወድቅ፣ ቅጣት ቢወረወር አይቆምም፤ አርባ ደቂቃው ሲያልቅ አልቋል።

በደንቡ ከአርባ ደቂቃ ያነሰ ጨዋታ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ ዋሊ ከቅጹ ግርጌ፣ የጨዋታው ርዝመት በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ ለወንዶቹም ለሴቶቹም አርባ ብሎ ይጽፋል። ዳኛው ይፈርማል። እሱም ይፈርማል። ሰዓቱ አርባ ብሏል፣ ምን ውሸት አለው? እንዲህ ብሎ ራሱን ካሳመነ ቆይቷል።

ዘንድሮ የባቡር ሠፈሮች ሊግ አዲስ ጸሐፊ መጣለት። ቢራም ጌይ ይባላል፤ ገና አርባ ያልሞላው፣ የተማረ፣ ሰው አክባሪ። ጣሪያ ያለው አዳራሽም ተሠርቶ አለቀ። አዳራሹ ለሦስት ዲቪዚዮን ብቻ ነው ጊዜ ያለው፤ አራቱ ደግሞ ሁሉም ይፈልጉታል። ጌይ አንድ ማለዳ ዋሊ ቤት ድረስ መጣ።

«ቶንቶን ዋሊ» አለው። ሜዳው ላይ ትንሽ ትልቁ ቶንቶን ነው የሚለው፤ አጎቴ ማለት ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት የጻፉት ደብተር አለ ይባላል። እውነት ነው?»

ዋሊ በአዎንታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ከእንግዲህ ማን አዳራሽ ይግባ የሚለው በጩኸት አይወሰንም። በቁጥር ነው። ወንድ ከሴት፣ አንደኛ ከሁለተኛ፣ ሁሉንም ጎን ለጎን ያስቀምጡልኝ። በጨዋታ ስንት ነጥብ፣ ከመቶ ስንቱ ይገባል፣ ስንት ኳስ ይይዛሉ፣ ስንት ያቀብላሉ። ይችላሉ?»

ዋሊን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሦስት ሳምንት በረንዳው ላይ ሣጥኑን ከፍቶ ተቀመጠ። ኮዱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ደብተር እያነሳች ነው ሳህን የምታስቀምጠው።

«ሠርጉ መቼ ነው?» ትለዋለች።

«ተይኝ እስቲ፣ ቁጥር ይጠፋብኛል።»

እየደመረ ሲሄድ አንድ ነገር አየ። በሰማያዊው ደብተር ሜንጦውና ሰረዙ ጥርት ብሎ ሞልቷል። በቀዩ ግን ክፍት ቦታ አለ፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ግማሹ ባዶ ነው። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ለወንዶቹ ሰዓቱ ሲቆም እሱም እስትንፋሱን ይሰበስባል፤ ማን ያዘ፣ ማን አቀበለ ብሎ የቀረውን ይሞላል። ለሴቶቹ ሰዓቱ አይቆምም፤ አንዱን ሲጽፍ ሁለት ያልፈዋል። የጎደለው ከልጆቹ እጅ አልነበረም። ከእሱ እጅ ነበር።

ምን ያድርግ? ያልጻፈውን ከየት ያምጣ? ያለውን ደመረ።

ሰንጠረዡ ሲያልቅ እንዲህ አለ፦ ወንዶች አንደኛ ዲቪዚዮን በጨዋታ ስድሳ ዘጠኝ ነጥብ፣ ወንዶች ሁለተኛ ሃምሳ ስምንት፣ ወጣት ወንዶች ሃምሳ ሁለት፣ ሴቶች አርባ አንድ። ይህ የመጀመሪያው ገጽ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ከመቶ ውርወራ ስንቱ እንደሚገባ አሰፈረ። እዚያ ሴቶቹ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ወንዶች በአንድ ብቻ ነው የሚያንሱት። በቅጣት ውርወራ ደግሞ አንደኛ ዲቪዚዮኖቹን ጭምር ይበልጣሉ፤ ስድሳ ስድስት ከመቶ፣ ለስድሳ አንድ። ይህን ሲያይ ብቻውን ፈገግ አለ። መጨረሻ ላይ «የጨዋታ ርዝመት» የሚል አምድ ነበር። እርሳሱ ትንሽ ተንጠለጠለች። ቅጾቹ ሁሉ አርባ ይላሉ። አርባ፣ አርባ፣ አርባ፣ አርባ ብሎ ሞላው።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። ዋሊ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጌይ የመጀመሪያውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ዋሊንም በስሙ ጠርቶ አመሰገነ፤ ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛውን ገጽ የገለጠው የለም።

«እንግዲህ» አለ ጌይ፣ «አዳራሹ ለወንዶች አንደኛ፣ ለወንዶች ሁለተኛና ለወጣቶቹ። የሴቶቹ ውድድር ከመጪው ዓመት ጀምሮ የበዓል ሰሞን ጨዋታ ይሆናል። የተጫዋችነት መታወቂያ አይወጣለትም።»

«ሴቶቹ ምን በደሉ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ አባቴ። ቁጥሩ ነው ያለው።»

ዋሊ እጁን አነሳ። እስከ ጆሮው ድረስ። ጌይ ወደ እሱ ዞረ፣ ሰውም ዞረ። በተነሳው እጁ ጭንቅላቱን አከከና አወረደው።

በማግስቱ ቀትር ላይ አራማታ ሳኛ መጣች። የጃንት ክለብ የሴቶች አምበል ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ገበያ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ግራኝ ናት። አገሯ ደቡብ ነው፤ ጆላ ናት። የዋሊ ጎሳ ሴሬርና ጆላ ከጥንት እንደ ዘመድ ይተያያሉ፤ ሲገናኙ መሰዳደብ ወጋቸው ነው። አንዱ ሌላውን አሽከሬ ይለዋል፣ ሆዳም ይለዋል፤ የተሰደበው ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ከስድቡ ኋላ ግን የጠበቀ ቃል አለ። አንዱ በዚህ ዝምድና ስም የለመነውን ሌላው እምቢ አይልም። ዋሊ ከሰው ጋር አፉን ፈቶ የሚጫወተው ከእሷ ጋር ብቻ ነው።

«አንተ አሽከር! ሩዙን ጨረስከው ወይስ ድስቱንም ልትልሰው ነው?» አለች ከበር።

«ግቢ፣ ግቢ! ጆላ መቼም የሩዝ ሽታ ካልጠራት እግሯ አያመጣትም። ኮዱ፣ ማንኪያውን ደብቂ!»

ኮዱ ሳቀች። አራማታ ግን ከገበታው አልቀረበችም። ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች።

«ሰንጠረዡን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አርባ ደቂቃ ብለሃል።»

«ቅጹ ነው እንደዚያ የሚለው።»

«ቅጹን የሚጽፈው ማነው?»

ዋሊ ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረገ።

«በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው እዚያ ሜዳ የገባሁት» አለች። «አንድ ቀን እንኳ አርባ ደቂቃ ተጫውቼ አላውቅም። ቅጣት ልወረውር ኳሷን ሳነጥር ሰዓቱ ይሄዳል። ጫማዬን ሳስር ይሄዳል። ቢንታ ጉልበቷ ዞሮ መሬት ላይ ስትጮህ፣ ተሸክመን እስክናወጣት ድረስ ሄዷል። አንተ እዚያው ነበርክ፤ በእጅህ ይዘኸው ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ምን ይበላት? እጄን አንስቼ ነበር፣ ራሴን አከክኩበት ይበላት? የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረችበት ገጽ በስንተኛው ቀይ ደብተር ላይ እንዳለ ያውቃል። በግራ እጇ፣ ከቀኝ ጥግ። ጎበዝ ነሽ ብሏት ግን አያውቅም፤ ነጥቧን ከብቦ አለፈ።

«ቶንቶን» አለች። አሽከርነቱ ከአፏ ጠፋ። «እኔ እንኳ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቀረኝ ነው። ከኋላዬ አርባ ልጅ አለ። በዝምድናችን ይሁንብዎት፤ ሄደው እውነቱን ይንገሩልን።»

እንዲህ ካለች በኋላ ዋሊ መሄድ ነበረበት። ሄደም።

ጌይ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። ዋሊ አንድ ቀይ ደብተር ይዞ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ እንዲሁ ቢቸግረው፣ በአንድ የሴቶች ጨዋታ ላይ በራሱ የክንድ ሰዓት ኳስ በእውነት በጨዋታ ላይ የነበረችበትን ጊዜ ብቻ ለይቶ መዝግቦ፣ ከገጹ ጥግ በቀጭኑ ጽፎት ነበር፤ ሃያ አራት ደቂቃ። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ለማንም አልተናገረም። አሁን ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ፣ ላብ እያጠመቀው፣ የታኩሳንን ሰዓት ታሪክ ከሥሩ ተናገረ። በሕይወቱ ይህን ያህል ረጅም ንግግር ያደረገ አይመስለኝም።

ጌይ ጨርሶ ሰማው። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለ ነበር።

«ቶንቶን፣ ይህን እንዳልነገሩኝ ልቁጠረው?»

«አይ። ነግሬዎታለሁ።»

«እንግዲያው ደንቡን ያውቁታል። ከአርባ ደቂቃ ያነሰ ጨዋታ አልተደረገም። ሃያ ሁለት ዓመት የሴቶች ውድድር አልተደረገም ማለት ነው። የአራማታ አራት ዋንጫ የለም። ፊርማዎ ደግሞ...» ትቶት መስኮቱን አየ። «አርባ ነው ካልኩ ደካሞች ናቸው። አርባ አይደለም ካልኩ ጭራሹኑ የሉም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ የትኛውን ልያዝልዎት?»

ዋሊ ደብተሩን ዘጋው። ከዚያ ከየት እንደመጣለት አያውቅም፤

«አንድ ጨዋታ» አለ። «ቅዳሜ ጃንትና የጋራዥ ሠፈር ይጫወታሉ። ሰዓቱን ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ላቁመው። እንደ ወንዶቹ።»

ጌይ አሰበ። «አርባ ደቂቃ የሞላው፣ የተፈረመበት፣ አንድ ንጹሕ ቅጽ ያምጡልኝ። ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ወንዶቹ ካላነሱ የድሮውን ሳላነሳ ጉዳዩን እንደገና ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ቃሌ ነው። ግን በጊዜ ይጀምሩ። ከቲሚስ በኋላ የወንዶቹ የዋንጫ ጨዋታ ነው፤ እሱን አንዲት ደቂቃ ማዘግየት አልችልም።»

ቅዳሜ ዋሊ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ነበር። የደበዘዘውን መስመር በኖራ አደሰ። አዲስ ቀይ ደብተር ገዝቷል፤ አራት እርሳስ ቀርጿል። ልጆቹም ሁሉም በጊዜ መጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲል ሁለቱ ቡድኖች ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ።

ዳኞቹ አልነበሩም።

ዋሊ መንገዱን አየ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ሰው ላከ። ሶላት ጨርሰው ሻይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ስኒ እየተቀዳ ነው ተባለ። ወደ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ የሚነሳ ሰው እዚያ አገር የለም። የሴቶች ጨዋታ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚጀመረው፤ ቢዘገይ ምን ይሆናል፣ ሰዓቱ ይሮጥና ይደርሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሰዓቱን ሲያስሮጥ የኖረውም፣ ዳኞቹን እንዲህ ያስለመዳቸውም ሌላ ማንም አይደለም። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዋናው ዳኛ ከንፈሩን በእጁ እየጠረገ መጣ።

«ምነው ቶንቶን፣ ፊትዎ ጠቆረ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ዛሬ ሰዓቱ ይቆማል ብዬህ ነበር።»

«እ? ለሴቶቹ?» ሳቀ። «እሺ፣ እሺ፣ አሁን እንጀምር።»

ተጀመረ። የመጀመሪያው ጥፋት ሲነፋ ዋሊ አውራ ጣቱን ጫነ፣ ሰዓቱም ቀጥ አለ። ልጆቹ ግን አላመኑም። ገላቸው የለመደው መሮጥ ነው፤ ኳስ ከመስመር ስትወጣ እንደ እሳት ይሯሯጡባታል። አራማታ ለቅጣት ቆመች፤ እንደ ልማዷ ኳሷ እጇ ከመግባቷ ወረወረቻት፤ ሳተች። ሁለተኛውን ከመወርወሯ በፊት ዋሊ ያላደረገውን አደረገ። ከወንበሩ ተነስቶ ሰዓቱን ከጠረጴዛው በላይ ከፍ አድርጎ አሳያት። ቆሟል።

አራማታ አየችው። ትንፋሿን ሳበች። ኳሷን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አነጠረቻት። ማንም አላስቸኮላትም። ወረወረቻት፤ መረቡን ብቻ ነክታ ገባች።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ሆነ። ያቀብላሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሠሩታል። የዋሊ እርሳስ አንድም ነገር አላመለጣትም፤ ሜንጦው ሞላ፣ ሰረዙ ሞላ። ለወንዶቹ ጨዋታ ቀድመው የመጡት ግን አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ዛሬ ሴቶቹ እዚሁ ሊያድሩ ነው?»

«ቶንቶንን እንቅልፍ ወስዶታል፣ ሰዓቱ ቆሟል! ቀስቅሱት!»

«ኧረ ባቡሩ ቆመበት፣ ዛሬ ደግሞ ሰዓቱ!»

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ዋሊ ቀና አላለም። ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ። ከጋራዡ ጣሪያ በላይ የነበረችው ፀሐይ ከጣሪያው እኩል ሆነች፣ ከዚያ ከጣሪያው በታች። የዕረፍቱን ጊዜ ወደ አምስት ደቂቃ አሳጠሩት። ሦስተኛው ሩብ ላይ ጃንት አርባ ሰባት፣ ጋራዥ አርባ አራት፤ አራማታ ብቻዋን ሃያ ሁለት። ሴቶቹ አርባ አንድ የሚያስቆጥሩት ጨዋታ ሲያልቅ ነበር። ዛሬ ግን ሃያ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው የተጫወቱት፣ አሥራ ሦስት ይቀራቸዋል። ዋሊ ሳያስበው በልቡ ደመረው። በዚሁ ከሄዱ ስድሳን ያልፋሉ።

አዛኑ ተሰማ።

ዳኛው ፊሽካውን ረጅም ነፋ፣ ኳሷን አንስቶ በብብቱ ያዛት። «በቃ፣ በቃ! ተበተኑ።»

«አሥራ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል» አለ ዋሊ። ድምፁን ራሱም አልሰማውም። ተመልካቹ ወደ መስጊዱ እየፈሰሰ ነበር። ጌይ ነጭ ሰፊ ቀሚሱን፣ ቡቡውን፣ ለብሶ በጠረጴዛው አጠገብ ሲያልፍ ቆመ፤ የነጥብ ሰሌዳውን አየ፣ የቆመውን ሰዓት አየ።

«ቶንቶን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን ልሁንልዎት?» ከሰዉ ጋር ወደ መስጊዱ ሄደ።

ከሶላት መልስ መብራቱ በራ። ወንዶቹ በሁለቱም ቅርጫት ሥር ኳስ እያነጠሩ ያሟሙቃሉ። ዋሊ ቅጹን ፊቱ ዘርግቶ እርሳሱን ከአንዷ ሣጥን በላይ ይዞ ተቀምጧል። የጨዋታው ርዝመት።

«አርባ ይበሉና ልፈርም» አለ ዳኛው። «ምን ያደርቁናል?»

አርባ ቢል ይኸው አርባ ሰባት ነው፤ ከሃምሳ ስምንት ያነሰ። አዩ፣ ሰዓቱ ቆሞላቸው እንኳ አልቻሉም ይባላል። ሃያ ሰባት ቢል ጨዋታው አልተደረገም። አራማታ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማለች፤ ላቧ ገና አልደረቀም። ዋሊ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጽፍ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። አሁን ቀና ብሎ አያት።

«ምን ልጻፍ?»

«የፈለጉትን ይጻፉ፣ ቶንቶን።»

«ስደቢኝ እንጂ» አለ። «አሽከር በይኝ።»

አራማታ አፏን ከፈተች። «አንተ... ሆዳም» አለች፤ ቃሉ እንኳ መሐል ላይ ሰለለ። ሁለቱም አልሳቁም። ፎጣዋን አንስታ ፊቷን ሸፈነች፣ የጠረገች መስላ፤ ሳታወርደው ወደ ልጆቹ ሄደች። ልጆቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን እየፈቱ ነበር። የነገራቸው ሳይኖር ሁሉም አውቀዋል።

ዋሊ ሃያ ሰባት ብሎ ጻፈ። በደንብ፣ እንዲነበብ አድርጎ። ከሥሩ ፈረመ።

ዳኛው አጎንብሶ አየና እጁን ሰበሰበ። «ይህንንማ አልፈርምም። አብደዋል እንዴ? ያልተደረገ ጨዋታ ላይ ምን ብዬ እፈርማለሁ?»

ዋሊ ቅጹን ሁለት ቦታ አጠፈው፣ በአዲሱ ቀይ ደብተር መሐል አስገባው። አሥራ ሁለት ገጽ ተጽፎበታል፤ የቀረው ባዶ ነው። ሰማያዊውን አወጣ። ቀኑን ጻፈ፣ የሁለቱን ቡድን ስም ጻፈ። ሰዓት የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረምና ሰዓቱን አንስቶ ወደ ዜሮ መለሰው።

የወንዶቹ ጨዋታ ተጀመረ። ሜዳው አጨበጨበ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ አንዱን ገፋው፣ ፊሽካ ተነፋ፣ የዋሊም አውራ ጣት ሳያዛት ሰዓቱን አቆመችው።